ሦስት፣ ከዚያም አንድ

ጥቅምት 6 ቀን

ከወንዙ ማዶ ላለሽው ለወንድሜ ልጅ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ከአንዳንድ ወጣት ጉልበት ይሻላል። ፈጣሪ አንቺንና ልጆችሽን ከክፉ ይሰውራችሁ። ባልሽን አላነሣሁም፤ ረስቼው አይደለም።

ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ናት፤ ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ቃሌን እንዳታሳምሪብኝ ብያታለሁ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ስትጽፊልኝ አልመለስኩልሽም። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። እጄ ላይ ያሳደግኋትን ልጅ አንድ የአውቶብስ ሹፌር ጡሩምባውን እየነፋ እኔው በሠራሁት ድልድይ ላይ አሻግሮ ወሰዳት። መንገዱን ጠርቤ፣ ገንብቼ፣ አስተካክዬ ሰጠሁት ማለት ነው። ያንን ድምፅ እስከዛሬ እሰማዋለሁ። ዛሬ የምጽፍልሽም ይቅር ብዬው አይደለም። ድልድዩን ስለዘጉት ነው።

ባለፈው ሰኞ ወታደሮች መጥተው በድልድዩ አፍ ላይ የአሸዋ ጆንያ ደረደሩ። ቆሜ አየኋቸው። አንዱም መደርደር አያውቅም። “እንዲህ አይደለም፤ የላይኛው የታችኛውን ስንጥቅ መሸፈን አለበት” ብላቸው፣ “አባት፣ ወደ ቤትዎ ይግቡ” አሉኝ። የደረደሩት በማግስቱ ተናደ። ደስ አለኝ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የጉምሩክ መጋዘን ነው። የእኛ ሬዲዮ የናንተ ሰዎች አቃጠሉት ይላል፤ የናንተው ደግሞ የእኛ ሰዎች ናቸው ይላል። መጋዘኑን አውቀዋለሁ። ጣሪያው የዛገ፣ ግድግዳው የዘመመ ነበር። ለዚያ መጋዘን አምባሳደር ያባርራሉ፣ መድፍ ይጎትታሉ ብዬ አላሰብኩም።

የምልሽ አንድ ነገር ነው። ልጆችሽን ይዘሽ ነይ። በሦስተኛ አገር ዞሮ መምጣት ይቻላል፤ ይህም ደብዳቤ የሚደርስሽ በዚያው ዞሮ ነው። ቤቴ ሁለት ክፍል አለው። ጡሩምባው ባልሽ እዚያው ይቅር። አባትሽ በሞተበት ድልድይ ላይ መትረየስ ተጠምዷል። ስለ አባትሽ ከዚህ በላይ አልናገርም።

አጎትሽ፣ ግንበኛው
(አውራ ጣታቸውን አሳርፈዋል። — ጸሐፊዋ)


ኅዳር 19 ቀን

እንደ አባት ላሳደጉኝ፣ ለማከብርዎ አጎቴ፣

ካሉበት ሰላም ያግኝዎ። ጉልበትዎን ፈጣሪ ያበርታልዎ። እኛ ደህና ነን። ደብዳቤዎን ሳነበው ድምፅዎን ስለሰማሁት ጆሮዬን ያዝኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ሳቅኩ፤ ጆንያው ተናደ ያሉት ላይ ስደርስ።

አጎቴ፣ አልመጣም። ቤቴ እዚህ ነው። የምሠራበት የስፌት ቤት ሠላሳ ማሽን አለው፤ የእኔ በመስኮቱ በኩል ነው። እስከ መስከረም የተማሪ ልብስ ነበር የምንሰፋው። አሁን ሰማያዊው ጨርቅ ተነሥቶ የወታደር ጨርቅ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ተቆጣጣሪያችን “ኪስ አብዙ” ይለናል። ምን ሊይዙበት ነው ብዬ ብጠይቀው “ጥይት” አለኝ። አሁን በቀን አርባ ኪስ እሰፋለሁ።

የባለቤቴን አውቶብስ መንግሥት ወሰደው። ከመውሰዳቸው በፊት ጡሩምባውን ነቅሎ ቤት አምጥቶ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጦታል። እንዳይስቁበት። ቢስቁበትም ግድ የለኝም፤ መሳቅዎን እንጂ።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎ። ባለቤቴን ጠዋት ከአልጋ የማስነሣው በርስዎ መዶሻ ነው። ትዝ ይልዎታል? ወንዙ ጩኸት ስለሚውጥ በአፍ ፋንታ ድንጋዩን ትመቱት ነበር፤ ሦስት ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ። “ድንጋይ እየወረደ ነው፣ ውጣ” ማለት ነበር። እኔም የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ለአባቴና ለርስዎ ምሳ ሳመላልስ ተማርኩት። ዛሬ የአልጋውን ራስጌ በመቀሴ እመታዋለሁ። ሦስት፣ ከዚያም አንድ። ሌላ ነገር የማይቀሰቅሰው ሰው ለዚያ ሱሪውን ሳይታጠቅ ዘሎ ይወጣል።

የርስዎ ፖስታ ሲደርሰኝ ሰማያዊ ማኅተም ነበረበት። ስለዚህ የእኔን እንደ ሸሚዝ ኮሌታ በነጭ ክር ዳር ዳሩን ሰፍቼ ነው የላክሁት። ስፌቴን ደህና አድርገው ይመልከቱልኝ። የስፌት ነገር ለእኔ ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

ልጅዎ፣ ልብስ ሰፊዋ


ታኅሣሥ 25 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺና ለልጆችሽ ይሁን። “አልመጣም” ያልሽውን ሰማሁ። ግትር ነሽ። ከማን እንደወሰድሽው አውቃለሁ፣ ስለዚህ ብዙ አልናገርም።

ማክሰኞ ዕለት ፀጉር አስተካካያችን ሞተ። ጣሪያውን በስቶ የገባው መድፍ ነው። እኔ ከመንገዱ ማዶ ነበርኩ፤ አቧራው ሲበርድ ገባሁ። ደንበኛው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ አለ፤ ከጨርቁ በላይ ግን ምንም የለም። ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ሥር ነበር። ምላጩ በእጁ ነው፤ እጁ ግን በሩ ጋ ነው የተገኘው። መስተዋቱ ግን አልተሰነጠቀም። የሳንቃውን በር ነቅለን ሁለቱን አንድ ላይ ተሸከምናቸው። አብረውኝ ከተሸከሙት አንዱ አስመለሰው። እኔ አላስመለሰኝም። ቤቴ ገብቼ ግን ፂሜን መላጨት አቃተኝ፤ ይኸው አድጓል።

የመጣው ከናንተ በኩል ነው። የተኮሰው ሰውዬ ኪሱን አንቺ ሰፍተሽለት ይሆናል። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እንዲያውም ልወቅስሽ ነው። መምህርት ይህን አልጽፍም ብላኝ ነበር፤ ጻፊው አልኳት።

ስለ ስፌትሽ ጠየቅሽኝ። የምን ስፌት? ፖስታሽ በሙጫ የተለጠፈ ነው። ክር ጨረስሽ እንዴ? ዳሩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ነገር አለ፤ ክር ግን የለም። ሰማያዊ ማኅተም ግን አለው፤ ክብ ሆኖ ያማረ ነው። ፖስታውን አስቀምጨዋለሁ። መምህርት “አሳዩኝ፣ ላንብበው” እያለች ስትነዘንዘኝ ሰነበተች። የወረቀቱ ማንበብ ያንቺ ሥራ ነው፣ የፖስታው መክፈት የኔ ነው አልኳት። ለመቅደድ ፊደል አያስፈልግም። ደብዳቤያችንን ሰው ይከፍተዋል ትለኛለች። የአንድ ግንበኛ ወሬ ብሎ ማን ነው ሙጫ የሚያባክን?

ጡሩምባው ጡሩምባውን ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠ ማለትሽ... አልሳቅሁም።

አጎትሽ፣ ግንበኛው
(ልጄ፣ ስለ ስፌቱ ያልሽው ለእኔ ገብቶኛል። እሳቸው ግን አይሰሙኝም። — ጸሐፊዋ)


የካቲት 2 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ፂምዎን ይላጩ። እባክዎን። ሳስበው ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ባለቤቴን ወሰዱት። የተጠባባቂ ጦር ስም ዝርዝር ወጣ፣ ስሙ ከላይ ነበር። ሹፌር ነኝ፣ መኪና ስጡኝ ቢላቸው፣ ጠመንጃ ሰጡት። የመደቡት ድልድዩ ላይ ነው። ከመካከለኛው እግር በላይ፣ በጆንያ ጀርባ። በሳምንት አንድ ቀን ንጹሕ ልብስ እንዳደርስለት ይፈቅዱልኛል። ከናንተ በኩል በየቀኑ እየተተኮሰባቸው ነው። ባለፈው ሳምንት አጠገቡ የነበረው ዳቦ ጋጋሪ ሆዱ ተከፈተ። ባለቤቴ አንጀቱን በሁለት እጁ ይዞ እስኪሞት ድረስ ሲያወራው ቆየ። የሰጠኝን ሸሚዝ አጠብኩት፤ ደሙ አልለቀቀም፤ አቃጠልኩት።

የርሱን አውቶብስ ቅዳሜ ዕለት መንገድ ላይ መቱት። ሌላ ሹፌር ነው ይነዳው የነበረው። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በስፌት ቤቱ ኪስ መስፋት አቁመን ከረጢት መስፋት ጀመርን። ረጅም ከረጢት፣ ከላይ የሚታሰር። ተቆጣጣሪው ልኩን ሲነግረን ማናችንም ምን ሊይዝ ነው ብለን አልጠየቅንም።

አጎቴ፣ ምንም ጠይቄዎ አላውቅም። ዛሬ እጠይቅዎታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው። የዚያ ድልድይ ድንጋይ ሰውን ከመድፍ ያስጥላል? አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አይጨምሩ። አንድ ቃል ይበቃኛል።

ልጅዎ


መጋቢት 9 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬን እንደተቀበልሽ ቁጠሪው፤ ዛሬ ጊዜ የለኝም። ይህን የሚጽፍልኝ በፖስታ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነው። መምህርት “አንድ ቃል ነው የተጠየቁት፤ አንድ ቃል ልጻፍና እናሽገው” አለችኝ። የምናገረውን ስትሰማ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። “ይህ በደብዳቤ አይጻፍም፤ እጄን ቢቆርጡት አልጽፈውም” አለች። ተይው አልኳትና ወጣሁ። እኔ አንድ ቃል ተናግሬ ዝም ያልኩበት ቀን የለም፣ ዛሬም አልጀምርም።

ስሚኝ። ድልድዩ አምስት እግር አለው። የመካከለኛው ሆዱ ባዶ ነው። መሐንዲሱ አያውቅም፤ ፕላኑ ላይም የለም። አባትሽ በሞተ በሳምንቱ ድንጋይ የሚያመጣልን መኪና ቀረ። ዝናቡ ደርሶ ነበር። ፎርማኑ “ዙሪያውን ገንቡ፣ ውስጡን ተዉት፣ አፋችሁንም ዝጉ” አለን። ሁሉንም ዘጋን። የምናውቀው አራት ግንበኞች ነበርን፤ ሦስቱ ሞተዋል። አንቺም ገብተሽበታል። ምሳ ይዘሽልኝ መጥተሽ እዚያ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር፤ አዝዬ ነው ያወጣሁሽ።

ጓዳው አሥር ሰው ይይዛል። በወንዙ ቁልቁል በኩል፣ ውሃው ከሚደርስበት ሁለት ክንድ ከፍ ብሎ፣ ሦስት የመሮ ጭረት ያለበት ድንጋይ አለ። ጭረቱ የኔ ነው። ድንጋዩ ዳር ዳሩን ኖራ የተቀባ ብቻ ነው፤ በዲጂኖ ሲፈነቅሉት ይወጣል። በዚያ በኩል ግድግዳው የሦስት ድንጋይ ውፍረት አለው። መድፍ ቢመታው ያስነጥሰዋል እንጂ አይጥለውም። ሠላሳ ዓመት ጎርፍ መትቶት ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አላወጣም።

ንገሪውና ሲተኮስ እዚያ ይግባ። ከኔ መጣ አትበይው። አሁንም አልወደውም። አንቺ ከረጢት ሰፍተሽ እሱን እንዳትከቺበት ብዬ ነው።

አጎትሽ


ሚያዝያ 16 ቀን

አጎቴ፣

ሰላምታ አላስቀደምኩም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ደብዳቤዎን ያመጡልኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። ከስፌት ቤቱ በር ላይ አስጠሩኝ። አንደኛው ፖስታውን በእጁ እንደያዘ፣ ሳይከፍተው፣ በቃሉ ወጣልኝ። የድንጋዩን ጭረት ሳይቀር። ሲጨርስ “አጎትሽ ጎበዝ ግንበኛ ነው” አለኝ።

ባለቤቴ ደህና ነው። ጥላ አግኝቷል። እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል፤ መውጣት አይፈቀድለትም። ለኔ ሰው ብቻ ይሁን ብለው አልነበረም የጻፉት፤ ጥላው ብዙ ነገር ይዟል።

አንድ ቃል ነበር የጠየቅሁዎት።

የላክሁልዎትን ፖስታዎች ሁሉ ለመምህርት ይስጧቸው። ወረቀቱን አይደለም፤ ፖስታዎቹን። ከእንግዲህም አይጻፉልኝ።

ልጆቹ ደህና ናቸው።


ሰኔ 2 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

አይጻፉልኝ ብለሽ ነበር። እየጻፍኩልሽ ነው። ይህ ግን በፖስታ አይመጣም። መምህርት በመስኮቱ ፍርግርግ ማዶ ቆማ ትጽፈዋለች፤ ከዚያ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በጫማው ይዞት ይወጣል። ሹፌር የሚባል ሁሉ እጠላ ነበር። አሁን አንዱን ቀንሻለሁ።

እንዳልሽው ፖስታዎችሽን ለመምህርት ሰጠኋት። ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ያ ያማረ ያልኩሽ ሰማያዊ ማኅተም ሁሉም ላይ አለ። ጣቷን አስቀምጣ አነበበችልኝ፤ “ተከፍቶ ታይቷል።” ሁለተኛው ላይ ጣቷን አስቀመጠች፤ “ተከፍቶ ታይቷል።” ሦስተኛውን ስታነሣ በቃሽ አልኳት። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። መሃይም የሆንኩት ግን በዚያን ቀን ነው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሻምበል መጣ። “አባት፣ ለአገርዎ ትልቅ ውለታ ውለዋል” ብሎ እጄን ጨበጠኝ። የደብዳቤዬን ግልባጭ ይዟል። የናንተ ሰዎች ጓዳውን ከፍተው ዘጠኝ ወታደርና ሠላሳ ሣጥን ፈንጂ እንዳስገቡበት ነገረኝ። “የቀረን አንድ ነገር ነው። ግድግዳው የሚሳሳው በየት በኩል ነው?” አለኝ።

የት እንደሆነ አውቃለሁ። በወንዙ ሽቅብ በኩል፣ ከጀርባው፣ ድንጋይ ሲያልቅብን አንድ ድንጋይ ብቻ ያቆምኩት እኔው ነኝ። እኔ እምቢ ብል ዙሪያውን ሁሉ ፈንጂ ለጥፈው ያነሡታል፣ ዘጠኙም እዚያው ይቀበራሉ። ስለዚህ አሰብኩ። ከዚያ “በዓይን አይታይም። ግድግዳ ባዶ መሆኑ የሚታወቀው በመዶሻ ተመትቶ ነው፤ ያንንም ድምፅ የሚለየው የገነባው ሰው ነው” አልኩት። አልዋሸሁም፤ ማንኛውም ግንበኛ የሚሠራው ነው። ሻምበሉ አሰበና “ቀስ አድርገው ነው የሚመቱት” አለኝ። የመዶሻዬን ራስ በጨርቅ ጠቀለሉት።

ግንቦት አሥራ ሁለት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በጭጋግ ውስጥ በጀልባ ወረድን። አንድ አሥር አለቃና ሦስት ወታደሮች ናቸው። ወንዙ ጎድሏል። እግሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ወጣሁና ግድግዳውን ዳሰስኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልነካሁትም ነበር። መገጣጠሚያው ዛሬም ምላጭ አያስገባም። ይህን ጻፊው፣ መምህርት።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩትን ልንገርሽ። አባትሽ ገመድ ተበጥሶ ነው የሞተው ብዬ ነው ያሳደግሁሽ። ገመዱ ተበጥሷል፤ እውነት ነው። ግን መዶሻው በኔ እጅ ነበር። ጠባቂው እኔ ነበርኩ። ሲጃራ እያቀጣጠልኩ ነበር። ቀና ስል ድንጋዩ ተንቀሳቅሷል። ሦስቱን መታሁ፤ አንዷን ሳልመታ ድንጋዩ ወረደ። አባትሽ ቀና ብሎ አራተኛዋን እየጠበቀ ነበር። ፊቱን አየሁት። ከዚያ በኋላ አላየሁትም፤ ፊት አልነበረውም። አንቺ ምሳውን ይዘሽ ስትመጪ ጃኬቴን ጣልኩበት። አሳዳጊሽ የሆንኩት ስለ ደግነቴ እንዳይመስልሽ።

ጨርቁን ከመዶሻው ፈታሁት። አንዱ ወታደር “ምን እያደረጉ ነው?” አለኝ። “በጨርቅ አይሰማም” አልኩት። ከዚያ ባለ በሌለ ጉልበቴ መታሁት። ሦስት። ቆም አልኩ። አንድ። እንደገና ሦስት፤ አንድ። ባዶው ጓዳ እንደ ከበሮ ጮኸ።

አሥር አለቃው ጉሮሮዬን ያዘ። መዶሻውን ቀምቶ ውሃ ውስጥ ጣለው። ቀኝ እጄን ድንጋዩ ላይ ዘርግቶ በሰደፍ ይወቅረው ጀመር። አልቆጠርኩለትም። አጥንት ሲሰበር ድምፁ እንደ ደረቅ ኖራ ነው። ከላይ የናንተዎቹ መትረየስ ከፈቱ። ጀልባዋን የያዘው ወታደር አንገቱን ተመትቶ ላዬ ላይ ወደቀ፤ ደሙ አፌ ውስጥ ገባ። ሌላው ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፣ ልክ እንደደከመው ሰው፣ ከዚያ ውሃው ወሰደው። አሥር አለቃው ግን ፈንጂውን ለጥፎ ለኮሰው። ልጁ ሥራውን ያውቃል። እኔንም ከአንገቴ ይዞ ጀልባ ላይ የወረወረኝ እሱ ነው፤ ለምን እንዳዳነኝ አላውቅም።

ድልድዩን ስንሠራው ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል። ሲወድቅ ሰው አንድ ጊዜ እስኪያስል አልፈጀም። የመካከለኛው እግር በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ቅስቶቹ ተከታትለው ወረዱ። ስንት ድንጋይ እንደጠረብኩለት አውቃለሁ። ሁሉም አለፉኝ።

ጭሱ ሲገለጥ ማዶ አሸዋው ላይ ሰዎች ሲሮጡ አየሁ። ቆጠርኳቸው። ስድስት ናቸው። ዘጠኝ ነበሩ። አንዱ ሱሪውን በእጁ ይዞ ይሮጥ ነበር። እሱ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ዓይኔ ከሩቅ ሰው አይለይም። ያልወጡት ሦስቱም ሚስትና እናት አላቸው። ጀልባው ላይ የሞቱት ሁለቱም። አምስት ሰው በኔ አፍ ሞተ። ዳኛው ሲጠይቀኝ የምለው ይህንኑ ነው።

አሁን ያለሁት በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። እስር ቤት አድርገውታል። መምህርት “እዚህ ክፍል አሥራ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ” ብላኛለች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር እስካሁን አልጠፋም። ከሃዲ ነህ ብለውኛል። ፍርዱ ምን እንደሚሆን ሻምበሉ አስቀድሞ ነግሮኛል። አላለቀስኩበትም፤ እጁን ግን ዳግመኛ አልጨበጥኩትም፤ የምጨብጥበትም የለኝ።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ወጥቷል ወይስ አልወጣም? መልሱ ሲመጣ መምህርትን ያስገቧት ይሆን አይሆን አላውቅም፤ ሌላ የሚያነብልኝ ሰው የለም። ስለዚህ እንደ ልማድሽ ፖስታውን ስፊው። ከወጣ፣ ሦስት ስፌት፣ ክፍተት፣ አንድ ስፌት። ካልወጣ፣ ክፍተት ሳትተዪ ዳር እስከ ዳር ስፊው። ለማወቅ ማንም አያስፈልገኝም።

ከወጣ ደግሞ አንድ ነገር ንገሪው። ጡሩምባውን ከቁም ሣጥኑ ላይ ያውርደው። አቧራ ይዞት ይሆናል።

አጎትሽ፣ ግንበኛው
(ቀኝ አውራ ጣታቸው ስለሌለ የግራውን አሳርፈዋል። — ጸሐፊዋ)


ነሐሴ 4 ቀን

ከማዶ ላለሽው ልጄ፣

ፈጣሪ ያጽናሽ። በራሴ ስም ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸው ሲናገሩ መጻፍ ለምጄ፣ ዛሬ ማን እንደሚነግረኝ ጠፍቶኛል።

ዓርብ ጠዋት ምሳቸውን ይዤ ስሄድ ዘበኛው ሳህኑን ሳይቀበለኝ ጃኬታቸውን ሰጠኝ። የረሸኗቸው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከኳስ ሜዳው ግድግዳ ጋር ነው። ከመተኮሱ በፊት አጎትሽ ግድግዳውን ዞረው አይተው “ይህን ማን ነው የገነባው? ያስቃል” እንዳሉ አንዱ ዘበኛ ነገረኝ። እሱም ሊስቅ ፈልጎ አቃተው። በጃኬቱ ኪስ ውስጥ ያንቺ ፖስታ ነበር። ይኸው ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ክሩ እንዳለ ነው።

የደረሳቸው ከዚያ በፊት ሰኞ ዕለት ነው። ሹፌሩ ለእኔ ሰጠኝ፣ እኔም ዳቦ ውስጥ ከትቼ አስገባሁላቸው። በመስኮቱ አጠገብ ቆመው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው በግራ አውራ ጣታቸው ጠርዙን ከጫፍ ጀመሩ። አንድ ስፌት። ከዚያ ክፍተት። ከዚያ ሦስት። ፊታቸው ጠቆረ። “ይሄ ምንድን ነው? ምን ማለቷ ነው?” አሉኝ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት “ዝም በይ!” አሉኝ። ፖስታውን አገላብጠው ያዙት። እንደገና ከጫፍ ጀመሩ፤ ጣታቸው እያንዳንዱ ክር ላይ ሲያርፍ ከንፈራቸው ይቆጥር ነበር። ሦስት። ቆም አሉ። አንድ።

ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ከዚያ “ያ ጡሩምባ! ሱሪውን ይዞ ነው እኮ የሮጠው!” ብለው ሳቁ። ዘበኛው በሩን እስኪደበድብ ድረስ ሳቁ።

“አሁን ይስጡኝ፣ ልክፈትና ውስጡን ላንብብልዎት” አልኳቸው።

ፖስታውን ኪሳቸው ከተቱት።

“ለምን?” አሉኝ። “አንብቤዋለሁ።”